የግርጌዎቹን ሰዎች ልብስ ስፊ

ጥያቄው የመጣው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ከምትሰፋ እህት ነው። አሳጥሬ ላስፍረው፦

«ጋሼ፣ አንድ የቲያትር ቡድን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የሆነ ታሪክ መድረክ ላይ ሊያሳይ ነው። ነገሩ የአንድ የጎጃም ባላባት ቤት ታሪክ ነው። የአሥራ አራት ሰው ልብስ እንድሰፋ ተሰጠኝ። ጣና ሐይቅ ዘንድ ያሉት ናርጋ ሥላሴና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄጄ የግድግዳ ሥዕሎቹን በስልኬ አነሣሁ። ሦስቱን ልኬልዎታለሁ። እንዳሉ ገልብጬ ብሰፋቸው ያስኬዳል? ቀለማቸውስ ይታመናል? አዘጋጆቹ ደግሞ ታሪኩ የጎጃም ስለሆነ ሽንሽን ቀሚስና አረንጓዴ ቁምጣ ካልገባበት ይሉኛል። ግራ ገብቶኛል።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጀልባ ተሳፍረሽ ሥዕሉ ድረስ መሄድሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ከስልኩ ላይ አንድ ምስል አውርዶ መቀሱን ያነሣል። መልሴም «አዎ፣ ከሥዕል መስፋት ይቻላል፤ ግን ከመሐሉ አትጀምሪ» ነው።

ዐይን የሚሄደው ወደ መሐሉ ነው። እመቤታችን ከነልጇ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ከነሰይፋቸው፣ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ። ለስፌት የሚሆንሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ እግር ሥር ነው። እዚያ የተደፋ ሰው አለ። ዕቃ የተሸከመች ሴት አለች። እንስራ የያዘ አሽከር አለ። ማንም ፎቶ አያነሣቸውም። አንቺም ሦስተኛው ፎቶሽ ላይ ቆርጠሻቸዋል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የእመቤታችንን ልብስ ልብ ብለሽ እይው። ከራስ ጀምሮ ትከሻን ሸፍኖ የሚወርድ ሰማያዊ መጎናጸፊያ ነው። ግንባሯ ላይ መስቀል ወይም ኮከብ አለ። እጆቿ ተደራርበዋል። የቀኟ ሁለት ጣቶች ዘርጋ ብለዋል፤ በግራዋ ትንሽ መሐረብ ይዛለች። ይህ አቀማመጥ ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል የመጣ ነው። ቅጂውን ወደኛ ያመጡት ጀስዊቶቹ (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ) ናቸው። እነሱ ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። የኛ ሠዓሊዎች ወደዱትና የራሳቸው አደረጉት። ፊቷን አበሻ አደረጉት፣ ዐይኗን አሰፉት። ልብሱን ግን እንደ ውርስ ጠብቀው አስተላለፉት። እንግዲህ ያንን መጎናጸፊያ ለባላባቱ ሚስት ብትሰፊላት፣ ጎጃሜ ወይዘሮ አለበስሽ ማለት አይደለም። የሮምን ሥዕል ነው ያለበስሻት።

የሕማማቱ ሥዕሎችም ላይ እንደዚሁ ነው። በ1590ዎቹ መጀመሪያ (እ.አ.አ.) ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመ ባለሥዕል ወንጌል ነበር። እሱ እጃቸው የገባ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ብዙ ነገር ቀድተውበታል። አንዳንዱ ወታደር የለበሰው ልብስ የመጽሐፉን ሥዕሎች ለኅትመት በእንጨት ላይ ከቀረጸ ጣሊያናዊ እጅ የወጣ ነው። ከዚያ በፊትም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኒኮላስ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው አገራችን ውስጥ ይሥል ነበር። ሥራዎቹ እዚሁ ጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ተገኝተዋል። ስለዚህ «የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ስላየሁት የጎጃም ልብስ ነው» ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ ግርጌው እንውረድ።

የመጀመሪያው ፎቶሽ የናርጋው ነው። እመቤታችን ከላይ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእግሯ ሥር ተደፍታለች። ናርጋን ያሠራችው እሷ ናት። እዚህ ሥዕል ላይ ከሁሉም አብልጬ የማምነው የእሷን ልብስ ነው። ለምን ቢሉ፣ ያሠራ ሰው የገዛ ልብሱን ያውቀዋል። ሠዓሊው ያልለበሰችውን ቢያለብሳት ዝም አትልም። የተደፋ ሰው ስታዪ አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፤ ማንበብ ካልቻልሽ ካህኑን ጠይቂ። «ተማኅፀነ» ወይም «ተማኅፀነት» የሚል ካለ አሠሪው ወይም አሠሪዋ ናቸው፤ ስማቸውም ከጎኑ ይኖራል። ስም ተገኘ ማለት ዘመን ተገኘ ማለት ነው። «ዘከመ» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ የታሪኩ መግለጫ ነው፤ እንዴት እንደሰቀሉት፣ እንዴት እንደገረፉት እያለ ይሄዳል። ለዘመን ብዙም አይረዳሽም።

ግን አንድ ነገር አትርሺ። አሠሪው የሚሣለው የክት ልብሱን ለብሶ ነው። ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ማለት ነው። አያቶቻችን ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አይተሽ በየቀኑ በኮትና በክራቫት ያርሱ ነበር አትዪም። ከአሠሪዎቹ የምታገኚው የክቱን ነው። የአዘቦቱን ከሌላ ቦታ ነው የምትፈልጊው።

የአዘቦቱን ልብስ የምትሰጥሽ ሰሎሜ ናት። ቅድስት ቤተሰብ ወደ ግብፅ ሲሰደዱ አብራ የምትሄደዋ፣ ዕቃ ተሸክማ ከኋላ ወይም ከፊት የምትሣለው። እኔ ደጋግሜ ካየኋቸው ሰሎሜዎች አንዷን ልግለጽልሽ። ቀሚሷ መሬት አይነካም፤ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሏል። ወገቧ በመቀነት ጥብቅ ብሏል። ከመቀነቱ በላይ ያለው ጨርቅ ቦርቀቅ ብሎ ወድቋል። ያ ጉያ ነው። አያትሽ ሳንቲምም፣ ቆሎም፣ የልጅ ልጅ ከረሜላም የምታስቀምጥበት ማለት ነው። እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰብስቧል። እግሯ ባዶ ነው። ሠዓሊው ይህን ከሮም መጽሐፍ አልቀዳውም። ጠዋት ጠዋት ወንዝ ስትወርድ የሚያያትን ሴት ነው የሣለው። ለቅድስት ድንግል የወረሰው ልብስ አለ፤ ለሰሎሜ ግን የለውም። ስለዚህ ዐይኑን ተጠቀመ።

እመቤታችንም ራሷ አንዳንዴ ትረዳሻለች። ብሥራቱ ላይ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ትሣላለች አይደል? መጎናጸፊያውን ተዪው፤ እንዝርቱን ተመልከቺ፤ ክሩን በየትኛው እጅ እንደምትስብ እይ። ፈትል ሲፈተል ሲያይ ያደገ ሰው ነው የሣለው። ተውኔትሽ ውስጥ የምትፈትል ሴት ካለች ከዚያ ውሰጂላት።

የተአምረ ማርያም ብራናዎችም ጥሩ ናቸው። ገበሬ፣ ሌባ፣ ነጋዴ፣ ሽባ ሁሉ ይገባባቸዋል። በላዔ ሰብእ እንኳ ለውኃ ጥም ለሚለምነው ድኻ ሲያጠጣ፣ ድኻው የለበሰውን ቡትቶ ሠዓሊው ተጠንቅቆ ነው የሚሥለው። ቡትቶ በየደጃፉ አይቷላ።

ክፉዎቹን ግን አትቅጂ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ጻድቅ በሁለት ዐይን፣ ኃጢአተኛ በአንድ ዐይን ይሣላል። ጎን ለጎን ዞሮ አንድ ዐይን ብቻ የሚታይበት ሰው የለበሰው ልብስ ሆን ተብሎ የባዕድ ልብስ የሆነበት ብዙ ጊዜ ነው። የቱርክ ጥምጥም ያደርጉለታል፤ በኋላ ዘመን ታርቡሽ (ቀይ ቆብ) ያጠልቁለታል። ሠዓሊው «ይኼ ጠላት ነው» እያለሽ ነው። ሁለተኛው ፎቶሽ ላይ ሰማዕቱን የሚገርፉት ሦስት ሰዎች እንደዚያ ናቸው። ከእነሱ ለባላባቱ አሽከሮች ልብስ ብትወስጂ ባላባቱን ግብፃዊ ፓሻ ታደርጊዋለሽ።

ስለ ዘመን ደግሞ አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፤ ከዓመታት በፊት ነው። አንድ የባህል ቡድን እንዳንቺው ጠየቀኝ። አንድ ገዳም ውስጥ ያለ የጊዮርጊስ ሥዕል አሳየኋቸው። አስጎብኚው «አምስት መቶ ዓመቱ ነው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አመንኩት። ሰባት ባለጥልፍ እጀ ጠባብ ተሰፋ። ገንዘብ ወጣ፣ ታየ፣ ተጨበጨበ። በዓመቱ ያንኑ ሥዕል አይቼ ልጠግብ ተመልሼ ሄድኩ። ጧፍ ይዤ ወደ ግርጌው ጎንበስ አልኩ። ከፈረሱ ኋለኛ እግር አጠገብ የቆመው ሰውዬ ኮት ለብሷል። ኮቱ በደረቱ ላይ አራት ቁልፍ አለው። የፋብሪካ ቁልፍ፣ ክብ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ነጥብ። ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ። ሥዕሉ ቢበዛ የአያቴ እኩያ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርኩ። ለቡድኑ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ልብሱን ግን እስካሁን ይለብሱታል።

ዑራን ጨምሮ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት እንደዚሁ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ ነው፤ ሥዕሉ ግን ሁሉም አንድ ዕድሜ የለውም። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ የተሣለ፣ እንደገና የተሣለ፣ በላዩ የተቀባ አለበት። ስለዚህ ከዑራ ያነሣሽውን ከናርጋው ጋር አንድ ላይ አትቁጠሪው። ለዘመንሽ የሚቀርበው ናርጋ ነው። ከዑራ ስትወስጂ ቁልፍ፣ ጠመንጃ፣ ኮት፣ ጫማ፣ ታርቡሽ አለ ወይ ብለሽ በመጀመሪያ ግርጌውን ፈትሺ። ካለ እንደ ኋላ ዘመን ሥዕል ተመልከችው።

ወደ ቀለም ስንመጣ፣ ዋናው ጥያቄሽ ይኼ ይመስለኛል።

ሥዕሉ ላይ ሁሉም ሰው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ለብሷል። እውነተኛው የጎጃም መንደር ግን ነጭ ነበር። ነጭ ሸማ። ታዲያ ነጩ የት ሄደ? እስቲ እንደ ሠዓሊ አስቢው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጨርቅ በነጭ ተቀብቷል። በነጭ ላይ ነጭ ልብስ ብትሥዪ ሰውዬው ጠፋ፤ ራስና እግር ብቻ ቀሩ። ስለዚህ ሠዓሊው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንድም ልብሱን ቀለም ይሞላዋል። አንድም ነጩን ትቶ እጥፋቱን በሰማያዊ ወይም በግራጫ መስመር ያወጣዋል። እንዲህ በቀጭን መስመር የታጠፈ ነገር ስታገኚ «ሰማያዊ ልብስ» ብለሽ አትመዝግቢው፤ ነጭ ሸማ ነው። ጫፉ ላይ ቀይ መስመር ካለ ደግሞ ጥለት ነው፤ ያኔ ጃኖ አገኘሽ ማለት ነው።

ቀለሙ ራሱ የሠዓሊው ቀለም እንጂ የነካሪው ቀለም አይደለም። ሠዓሊው ያለው ጥቂት ዓይነት ቀለም ነው። ባለው ነው የሚሠራው። ቢጫ ካባ ሥሎ ወርቀ ዘቦ (ባለወርቅ ክር ጨርቅ) ማለቱ ሊሆን ይችላል። ቀዩን ግን በከፊል እመነው። ቀይ ክር እዚህ አገር ውድ ነገር ነበር። ሸማኔው ለጥለት የሚሆነውን ቀይ ፈትል ከውጭ ከመጣ ጨርቅ ላይ ተርትሮ ያወጣ ነበር። ሙሉ ጨርቅ ፈትቶ አራት ጣት የማይሞላ ጥለት ለመሥራት! ስለዚህ የጥለቱ ስፋት የሀብት ምልክት ነው። መድረክ ላይ ዛሬ እንደምናየው እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥለት ከሠራሽ ተመልካቹ ሠርግ ቤት ያለ ይመስለዋል።

አበባውስ? በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል (የምንትዋብ ዘመን እሱ ነው) ልብስ ሁሉ አበባ በአበባ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ከህንድና ከሌላ አገር በምጽዋ በኩል ግምጃ፣ ከፋይ፣ ሐር የመሰለ ውድ ጨርቅ ይገባ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ይለብሰው፣ ለሹማምንትም ይሸልመው ነበር። ከፊሉ ደግሞ ባዶ ቦታ የማይወድ ሠዓሊ እጅ ነው። መለያ የማደርጋት ቀላል ነገር አለችኝ። ያው አበባ ካባው ላይም፣ ትራሱም ላይ፣ ከኋላው ባለው መደብም ላይ ካለ የሠዓሊው አበባ ነው። አንድ ሰው ልብስ ላይ ብቻ ካለና የአንገቱ ጌጥ የሚቆምበት ቦታ ላይ ተቆርጦ ከሆነ ግን የእውነት ጨርቅ አይቶ ነው የሣለው። ሁልጊዜ ትሠራለች አልልም። እኔን ግን ብዙ ጊዜ ከስሕተት አድናኛለች።

ሥዕል ፈጽሞ የማያሳይሽ ነገር ስፌቱን ነው። እዚህ ላይ አንቺ ከእኔ ትበልጫለሽ። ጨርቅሽ ከየት እንደሚመጣ አስቢ። የኛ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያሳልፈው። የጨርቁ ስፋት ክንዱ እስከሚደርስበት ነው። ከዚያ በላይ ሰፊ ልብስ ከፈለግሽ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን መጋጠም አለበት። ጋቢ መሐሉ ላይ ስፌት ያለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የባላባቱ ኩታ መሐሉ ላይ ስፌት ይኑረው። አትደብቂው። ከመርካቶ የመጣ ሰፊ የፋብሪካ ጨርቅ ስፌት ሳያስፈልገው ይወርዳል፤ ያኔ አወዳደቁ ራሱ ያሳብቅብሻል። እጅ ፈትል የተወሰነ ክብደትና ሸካራነት አለው። እጥፋቱ ይቆማል። የፋብሪካው ይንሸራተታል። አቅሙ ካለ ለሦስት ለአራት ዋና ሰዎች እንኳ የእጅ ፈትል ግዢ።

በነገራችን ላይ ያንን ሁሉ ጨርቅ የሠሩት ሸማኔዎች «ቁጢት በጣሽ» እየተባሉ ሲሰደቡ ነው የኖሩት። ባለሙያን መስደብ በአዋጅ የተከለከለው በምኒልክ ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ሥዕሉ ላይ ንጉሥ፣ ጳጳስ፣ ሰማዕት ሁሉ አለ፤ ሸማኔ ግን ፈልጌ አጥቼአለሁ።

አለባበሱ ከልብሱ ይበልጣል። ይህን ለአዘጋጆቹ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። አንድ ነጭ ሸማ ይዘሽ መድረክ ላይ አሥር ሰው መለየት ትችያለሽ። ሹሙ ትከሻውን ሸፍኖ አፉ ድረስ ይከናነባል። አሽከሩ ያንኑ ሸማ ወገቡ ላይ አደግድጎ ይቆማል። ጌታው ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ደረቱ ይታያል። ኀዘንተኛ ሲሆን ጥለቱ ይዘቀዘቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ያጣፋል። ተዋናዩ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከጌትነት ወደ ልመና ሲወርድ ልብስ መቀየር የለበትም፤ ሸማውን ከትከሻው ያውርድ። ግርጌው ላይ ያሉትን አሽከሮች ስታዪ «ምን ለበሱ» ብቻ ሳይሆን «ጨርቁ የት ላይ ታስሯል» ብለሽ ጠይቂ። ጎጃም ውስጥ በ1830ዎቹ ደጃዝማች ጎሹ ቤት የከረመው ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲም ስለ ሸማ አጣጣል በሰፊው ጽፏል። ከዘመንሽ መቶ ዓመት ገደማ ይዘገያል፤ ግን ሸማ የመጣል ሥርዓት ቶሎ የሚለወጥ ነገር አይደለም።

ጽሑፍ ካነሣሁ አይቀር፣ ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ጨምሪ። ጎንደር የደረሰው በ1762 ዓ.ም. ነው፤ ምንትዋብ በሕይወት ነበረች። በ1763 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ወርዷል። መንገድ ላይ የዳሞቱ ገዥ ፋሲል አዲስ ስስ ልብስ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎለታል። ስጦታ ማለት ያኔ ልብስ ነበር። ምንጩ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ የአገሩ ሰዎች ጫማህን ካላወለቅህ አሉት። እነሱ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ስለዚህ ለአሥራ አራቱም ሰዎች ጫማ አትፈልጊ፤ ሰንደልም ቢሆን። የጊዮርጊስን እግር ፎቶሽ ላይ አጉልተሽ እይው። ሙሉ እግሩን አይደለም እርካቡ ውስጥ ያስገባው፤ አውራ ጣቱን ብቻ ነው። ያ የማንም የውጭ መጽሐፍ ቅጂ አይደለም። ባዶ እግሩን የሚጋልብ ሰው ያየ ሠዓሊ ነው። የፈረሱን ዕቃ ማነጻጸር ካማረሽ ጥር 23 እንጅባራ ሄደሽ የአገው ፈረሰኞችን ተመልከቺ። ሰዎቹ የለበሱት የዛሬ ነው፤ የኮርቻውና የልጓሙ ጌጥ ግን ያነጋግርሻል።

እውነተኛ ልብስ ከተገኘ ከሥዕልም ከጽሑፍም ይበልጣል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከተዘረፈው ውስጥ የቴዎድሮስ ሚስት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለ። ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ጥጥ ነው፤ ጥልፉ በሐር ነው። ፎቶው በቀላሉ ይገኛል። የጥልፉን ቦታ ከሥዕሎቹ ጋር አስተያዪው። ወይዘሮዋን ከሰማያዊ መጎናጸፊያ ይልቅ በዚህ መንገድ አልብሻት። ሌላው የጎንደር ዘመን የሐር መጋረጃ ነው። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሠሌዳዎች የተሸመነ ነው። አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ ቶሮንቶ ውስጥ አለ። ሰዎች ተሸምነውበታል። ሸማኔ በክር እጥፋት ማሳየት አይችልም፤ ስለዚህ ስለ እጥፋት አትጠይቂው። የልብሱን ጠቅላላ ቅርጽ ግን አጥርቶ ያሳያል። የት ይጠባል፣ የት ይሰፋል፣ የት ያልቃል። እኔ የሥዕሎቹን ቅርጽ የማመሳክረው ከእሱ ጋር ነው።

የየገዳሙን ዕቃ ቤትም አትርሺ። ነገሥታት የሰጡት ካባና አክሊል ይወጣልሻል። ለማየት ፈቃድ ጠይቂ፤ በእጅሽ አትንኪ፤ ፍላሽ አጥፊ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት ስለማይገባባቸው አንቺ አትደርሺባቸውም። ወንድምሽን ብትልኪ እንኳ እዚያ የምታገኚው የሠዓሊው የፍሬ ጽዮን ሥዕልና የክብራኑ ወንጌል ከዘመንሽ ሦስት መቶ ዓመት ይቀድማሉ። አይቆጭሽ።

ስለ ሽንሽኑና ስለ አረንጓዴው ቁምጣ። የአዘጋጆቹ ሐሳብ ይገባኛል። ሕዝቡ መጋረጃው ሲገለጥ «ይኼ የኛ ነው» እንዲል ይፈልጋሉ። ግን ያ ቁምጣ የፋብሪካ ጨርቅ ነው። ሽንሽኑም ብዙ ጨርቅ የሚበላ የቅርብ ጊዜ ልብስ ነው። ከምንትዋብ ዘመን ሥዕል ላይ አንዱንም አላየሁም። ለጭፈራ ቡድን ያምራል። ለዚህ ታሪክ ግን አይሆንም። ጎጃምነቱን ከፈለጉ በአነጋገሩ ያምጡት፣ በፉከራው ያምጡት።

አሁን እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። ፎቶዎቹን በወረቀት አሳትሚያቸው። ሁለት እርሳስ ያዢ፤ ጥቁርና ቀይ። ሌላ ሥዕል ላይ ወይም በእውነተኛ ልብስ ላይ ደግመሽ ያገኘሽውን መስመር በጥቁር አስምሪ። አንድ ቦታ ብቻ ያለውን በቀይ። ስትቆርጪ ከጥቁሩ ቁረጪ። ቀዩ ላይ ከመድረስሽ በፊት ሌላ ምስክር ፈልጊ። ከአሥራ አራቱ ሰዎች አሥራ አንዱን ነጭ አልብሻቸው። ለባላባቱ ቀጭን ኩታ፣ ጠባብ ጥለት። ለአሽከሮቹ ወፈር ያለ፣ ታጥቦ የደበዘዘ። ድኻውን ሽማግሌ ቆዳ አልብሽው፤ ያኔ ገበያ የወጣ ድኻ ሁሉ ጥጥ አልነበረውም። ቀለሙን ለሦስቱ ብቻ አስቀሪላቸው። ከቤተ መንግሥት ለመጣው መልእክተኛ ካባ። ለወይዘሮዋ ባለ ሐር ጥልፍ ቀሚስ። ለባላባቱም የተሸለመው ግምጃ፣ ያውም ሲሸለም ብቻ። ነጭ ሆኖ የቆየ መድረክ ላይ ግምጃው ሲወጣ አዳራሹ ያለማንም ገለጻ ነገሩን ይረዳዋል።

ሦስተኛው ፎቶሽ ቀርቷል። መሐሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ግርጌውን ግን ስልክሽ ቆርጦታል። በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ አንድ የተደፋ ሰው አለ። የገባው እጁ ብቻ ነው፤ መዳፉ መሬት ላይ ተዘርግቷል። እጅጌው ጠባብ ነው፤ አንጓው ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተሸብሽቧል። ረጅም ሆኖ ተሰፍቶ ወደ ላይ የተሰበሰበ እጀ ጠባብ ይመስላል። ባላባትሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ተመልሰሽ ከወገቡ እስከ እግሩ አንሺልኝ። ጽሑፍ ካለው ጽሑፉንም።